ከመስመር የወጣው ነጥብ

ባለፈው የብርድ ወራት አንዲት ጓደኛዬ ልጇን ልታስመዝን ለንደን ውስጥ ኬንቲሽ ታውን ወዳለ ክሊኒክ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። በሩ ሲከፈት የማውቀው ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ሚዛን የሚጠረግበት መድኃኒት፣ የሕፃን ቅባት፣ ሙቀት በበዛበት ክፍል የሚደርቅ እርጥብ ካፖርት። ጓደኛዬ የልጇን ልብስ ስታወልቅ፣ እኔ ሳላስበው ዓይኔን ሚዛኑ ላይ ተክዬ በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች እጅ አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። "ምን ሆነሻል? እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አፈጠጥሽ እኮ" አለችኝ። ምንም አልኳት። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ዓመት ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ቶተንሃም ውስጥ ከካውንስሉ፣ ማለት ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የኪራይ ፍላቶች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ እናቴ ዘሀራ፣ አባቴ፣ እኔና በዚያው ሰሞን የተወለደው ወንድሜ ኢልያስ። አባቴ ፓርክ ሮያል ካለ ዳቦ ፋብሪካ ስለሚሠራ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ፣ ልብሱ እርሾ እርሾ እየሸተተ ይመለሳል። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ እማማ ተዋበች ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዘመዳችን አይደሉም። እኛ እስላም እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ግን እሳቸውም እናቴም የደሴ ልጆች ነበሩ። እናቴ ኢልያስን አርግዛ ደረጃው ሲከብዳት ዕቃዋን የሚሸከሙላት፣ ስትወልድም እኔን ይዘውኝ ያደሩት እሳቸው ናቸው።

እማማ ተዋበች ወረቀት አያምኑም ነበር። በፖስታ የመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ተገልብጦ ጀርባው ይታያል፤ ከዚያ ሳይከፈት ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘረጋል። በር ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑን ያጠፋሉ። ካውንስሉን የሚጠሩት "ቀበሌ" እያሉ ነው። "የቀበሌው ሰው መጥቶ ቧንቧውን አየው" ሲሉ እየሰማሁ ስላደግሁ፣ እኔ ቀበሌ ማለት ቧንቧ ሠራተኛ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ወረቀት ለምን እንደሚፈሩ ጠየቅኋቸው። ድሮ ወንድማቸውን ሊወስዱት የመጡት ሰዎች በእጃቸው ወረቀት ይዘው እንደነበር ነገሩኝ። እኔም ሰውየውን የወሰደው ወረቀቱ ራሱ መሰለኝ፤ ነፋስ ቅጠል እንደሚወስድ።

ለትምህርት ቤት የሰጡኝ ምክር አንድ ነበር፤ ያልጠየቁሽን አትናገሪ፣ የጠየቁሽንም ቢሆን ግማሹን ለራስሽ አስቀሪ።

በዚያ ዓመት ያስተማረችኝ ሚስ ፔል ትባላለች። እናቴ "አስተማሪ ናቸው፣ 'አሉ' በይ" እያለች ትቆጣኝ ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ለማንም አንቱ ስለማይል እኔም እንደዚያው ለመድሁ። ሚስ ፔል ቀጭን ረጅም ሴት ነበረች፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ የማርከር ቀለም አይለያቸውም። አንድ ጠዋት ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታ ምንጣፉ ላይ በፕላስተር መስመሮች ለጠፈች። ወደ ትምህርት ቤት በምን እንደምንመጣ ጠየቀችን። በእግሩ የሚመጣ እዚህ፣ በአውቶቡስ የሚመጣ እዚያ፣ በመኪና የሚመጣ ወዲያ ማዶ እንድንሰለፍ ነገረችን።

እኔ የምመጣው በእግሬ ነው። ግን ይህን ማወቅ ምን ያደርግላታል? የምንሄድበትን መንገድ ለማን ልትነግር ነው? ስለዚህ ከአውቶቡሶቹ ጋር ተሰለፍሁ። ደግሞ ረጅሙ ሰልፍ የነሱ ነበር፤ የሚያሸንፈው ረጅሙ መስሎኛል።

ሚስ ፔል ወንበር ላይ ወጥታ ከላይ ፎቶ ስታነሣን አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ባለ ቀለም ኪዩብ አደለችን፤ በየሰልፋችን አንዱን ባንዱ ላይ ቀጣጠልነው። ቀጥሎ ያንኑ በካሬ ወረቀት ላይ ቀለም ቀባን። ማን አሸነፈ ብላ ጠየቀችን፤ ሁላችንም አውቶቡስ ብለን ጮኽን። ሳቀችና ማንም አላሸነፈም አለች። ይኼ ሩጫ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ማን ጎበዝ እንደሆነ አይነግረንም። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የደጋገመችውን ነገር ያን ቀን ጀመረችው። ሥዕሉን ከማየታችሁ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ፤ ቀጥሎ ከጎኑ ያለውን አንብቡ፤ ከዚያ ማን ለካው፣ እንዴት ለካው ብላችሁ ጠይቁ።

ይኼ የመጨረሻው ነገር ገረመኝ። እንደ እማማ ተዋበች ሰውን የሚጠረጥር ሌላ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያውም አስተማሪ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ እማማ ተዋበች ኢልያስን ታቅፈው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ግራፍ እንደሠራን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ማንን ገረፉ?"

እናቴ ከወጥ ቤት ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ግራፍ መገረፍ እንዳልሆነ፣ ነገርን በቁመት መሳል እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። እሳቸው አልሳቁም። አስተማሪዋ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ወረቀቱን ማን እንዳስቀረው ጠየቁኝ። በአውቶቡስ ነው የምመጣው ማለቴን ስነግራቸው ራሴን ደባበሱኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከእናቴ ጋር ክሊኒክ እንሄድ ነበር። የምትመዝነው ነርስ ጆይስ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ዝግ ብላ የምትናገር፣ የጃማይካ ሰው። እኔ የምጠረጥራት ስለማትጮህ ነበር። የሚጮህ ሰው የሚፈልገው ይታወቃል፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ግን ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ኢልያስን ራቁቱን ሚዛኑ ላይ ታስተኛዋለች፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ቀይ የፕላስቲክ ልባስ ያለውን የሕፃኑን መጽሐፍ ትከፍትና አንድ ነጥብ ታስቀምጣለች።

ያንን ገጽ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ከግራ ከታች ተነሥተው ወደ ቀኝ ወደ ላይ የሚጎብጡ መስመሮች አሉበት፤ አንዱ ካንዱ በላይ፣ ሳይነካኩ። እኔ እያንዳንዱ መስመር አንድ እውነተኛ ሕፃን መሰለኝ። የላይኛው ጉንጩ ያበጠ ወፍራም ልጅ ነው። የመሃሉ ዝም ያለ ነው። የታችኛው ደግሞ ብቻውን የሚያለቅስ ቀጭን ልጅ ነው። የኢልያስ ነጥቦች ከዚያ ከሚያለቅሰው ልጅ መስመር ጋር ተጠግተው ይሄዱ ነበር። አንድ ሐሙስ ነጥቡ ከመስመሩ በታች ዋለ። ከዚያ በታች መስመር የለም፤ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ኢልያስ ከዚያ ከወረደ ከወረቀቱ ይወድቃል፣ ከወረቀት የወደቀውን ደግሞ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል ብዬ አሰብኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ጆይስ ጥያቄ አበዛች። ጡት ስንት ጊዜ ይጠባል፣ እናቲቱ በደንብ ትበላለች ወይ፣ ትጾማለች ወይ። እናቴ እንግሊዝኛዋ ለገበያና ለአውቶቡስ ይበቃል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ ብላ ስትጠይቅ ለእናቴ በአማርኛ ነገርኳት። እናቴ መጽሐፉን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ደህና ነው በያት አለችኝ። ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ ቆመች። ረመዳን ሳይደርስ ስለ ጾም ለምን ትጠይቀኛለች፤ ቤቴስ ምን ሆኖ ነው የምትጠይቀኝ፤ ልጄን የማስርብ መስሏት ነው አለች። እኔን እያናገረች አልነበረም።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ አባቴ እራቱን እየበላ፣ ክፋት ሳያስብ፣ ወተቷ ይበቃው እንደሆነ ጠየቃት። በነጋታው የዱቄት ወተት ተገዝቶ መጣ፤ ጣሳው ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ጡጦውን ስትበጠብጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ኢልያስ ጥቂት ጠጥቶ ቀሪውን ይተፋዋል። ድሮ ስታጠባው የምታንጎራጉረውን ተወች። ጡቷን እየሰጠችው፣ ወተቱ እየወጣለት መሆኑን ለማወቅ ጉሮሮውን ታዳምጣለች።

ይህን ሁሉ እማማ ተዋበች ያዩ ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ ሲደርስ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ጣል አድርገው ዛሬ እኔም እሄዳለሁ አሉ።

ክሊኒኩ ውስጥ እናቴ የኢልያስን የሽንት ጨርቅ ልታወጣ ወደ ቦርሳዋ ጎንበስ አለች። ጆይስ ቁጥሩን ታያለች። እማማ ተዋበች በግራ እጃቸው የልጁን ግንባር እየዳሰሱ በለሆሳስ ይመርቁታል። እኔ አጭር ስለነበርኩ ዓይኔ ከሚዛኑ ጋር እኩል ነው። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት የሚዛኑን ጠርዝ ተጭኖ ነበር። ጥፍራቸው እስኪነጣ።

ጆይስ ደስ አላት። ነጥቡ ሁለት መስመር ዘሎ ወጣ። እናቴ ነጥቡን አይታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ስታነሣው እየሳቀች ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድነው በረከት እንደወረደለት ሰው ነው። እናቴ አባቴን ስልክ ደውላ ነገረችው። ወተቴ ነው፣ የጣሳው አይደለም፣ ጡጦውን እኮ እየተፋው ነበር አለችው።

እኛ ፎቅ ስንደርስ እናቴ ቀድማ ገባች። እማማ ተዋበች ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

"አየሽ?"

"አዎ።"

"ምን አየሽ?"

ዓይናቸውን አየሁ። "ምንም።"

"ጎበዝ" አሉና ወደ ላይ ወጡ።

በቀጣዩ ሐሙስ እማማ ተዋበች ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር። እናቴና እኔ ብቻችንን ሄድን። እናቴ ለኢልያስ አዲስ ሹራብ አልብሳው ነበር፤ ለመታየት እንጂ ለመመዘን አይሆንም፣ ያው ይወልቃል። ጆይስ ቁጥሩን አየች። ኢልያስን አንሥታ ሚዛኑን ጠረገችና እንደገና አስተኛችው። ሦስተኛ ጊዜም መዘነችው። ከዚያ ነጥቡን አስቀመጠች። ካለፈው ነጥብ ጋር በመስመር ስታገናኘው፣ መስመሩ ከገደል እንደተወረወረ ድንጋይ ቁልቁል ወረደ።

ጆይስ በሩ ጋ ከሌላ ሴት ጋር በሹክሹክታ አወራች። ሁለቱም ዞር ብለው እናቴን አዩ። ተመልሳ መጥታ ሐኪም እንዲያየው ቀጠሮ እንደምትይዝለት፣ እሷ ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ቤታችን እንደምትመጣ ተናገረች። እኔ አስተረጎምኩ። "ቤት" የሚለውን ስናገር እናቴ ኢልያስን ደረቷ ላይ አጠበቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ታመመ። እናቴ የመስኮት መጋረጃ አውርዳ አጠበች፤ ቁምሳጥኑን በምግብ ሞላችው፤ የግድግዳውን ሻጋታ በበረኪና ፈተገች። እየፈተገችም ታስባለች። ልጁ እንዴት በአንዴ ጨምሮ በአንዴ ይቀንሳል? ማን ምን ሰጠው? አባቴ ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ሲላት ሦስት ጊዜ መዘነችው እኮ አለችው። የዱቄቱን ወተት ጠረጠረች። የቧንቧውን ውሃ ጠረጠረች። ኢልያስን ታቅፌ ሳጫውተው እኔንም በዓይኗ ስትከታተለኝ አየሁ። በመጨረሻ ጥርጣሬዋ እማማ ተዋበች ላይ አረፈ። ልጁ የጨመረው እሳቸው ሲይዙት በሰነበቱበት ሳምንት ነው፤ ከታመሙ በኋላ ቀነሰ። እንደ ድሮው ቅቤ አውጠውት ይሆናል፤ ሆዱን ያበላሹት እሳቸው ይሆናሉ።

እማማ ከጉንፋናቸው ተሽሏቸው ሲመጡ እናቴ በሩን በግማሽ ከፍታ ቆመች። ልጁ ትንሽ እንዲያርፍ፣ ለጥቂት ጊዜ ባይመጡ እንደሚሻል፣ በትሕትና ነገረቻቸው። እማማ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። "እሺ ልጄ" አሉና ደረጃውን ወጡ። ያን ምሽት በኮርኒሱ ላይ እርምጃቸውን ሰማሁ፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ባቄላችንን የምንለካበት ቀን ነበር። ከሳምንታት በፊት ሁለት ሁለት ሆነን በፕላስቲክ ኩባያ አንዳንድ ባቄላ ተክለን፣ ሰኞ ሰኞ ቁመቱን እየለካን ነጥብ እናስቀምጥ ነበር፤ ነጥቦቹን ደግሞ በመስመር እናገናኛለን። የኔና የኮፊ አንድ ላይ ነበር። ኮፊ አጠገቤ የሚቀመጥ ጋናዊ ልጅ ነው። ያን ሰኞ የባቄላችን መስመር ወደ ታች ወረደ። ኮፊ ሊያለቅስ ደረሰ፤ ባቄላችን ሊሞት ነው አለ።

ሚስ ፔል መጥታ አጠገባችን ተንበረከከች። ግራፋችንን ብዙ ጊዜ አየችው።

"ባቄላ ወደ ኋላ ያድጋል እንዴ?" አለች።

አያድግም አልናት። ታዲያ የሚያስገርመው የቱ ነጥብ ነው ብላ ጠየቀችን። ኮፊ የዛሬውን አሳየ። እሷ ግን ማስመሪያዋን አንሥታ ከፍ ብሎ የወጣውን ያለፈውን ሰኞ ነጥብ ሸፈነችው። ሲሸፈን የቀሩት ነጥቦች ቀስ እያሉ ወደ ላይ የሚሄዱ ሆኑ። ቁልቁለቱ ጠፋ። ከዚያ ያን ሰኞ ማን እንደለካ ጠየቀችን። ኮፊ ነበር። እንዴት እንደለካ እንዲያሳያት ስትጠይቀው፣ ማስመሪያውን ከአፈሩ ላይ ሳይሆን ከኩባያው ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ያን ሰኞ ኩባያውንም አብሮ ለክቶታል። ሚስ ፔል አልተቆጣችውም። ባቄላው ደህና ነው፤ ነጥቡን ክበቡትና ከጎኑ ምን እንደተፈጠረ ጻፉበት አለችን።

ኮፊ መክበብ ጀመረ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሚስ ፔል ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ምንም አልኳት። ልነግራት ፈልጌ ነበር። ግን እማማ ተዋበችን አሳልፌ ብሰጥ ሚስ ፔል ለማን እንደምትናገር አላውቅም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ኢልያስን አስተኝታ ከሱ ጋር ተጋድማ ነበር። በሩን ሳላስጮህ ወጥቼ ወደ ላይ ወጣሁ። እማማ ተዋበች ሲከፍቱልኝ ማን ልኮሽ ነው አሉኝ። ማንም አልኳቸው። ገብቼ ከጠረጴዛቸው ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው የለበሰው ላስቲክ ቀይና ነጭ ካሬ ካሬ ነበር፤ ልክ እንደ ግራፍ ወረቀታችን። የልብስ ቁልፍ የሚያጠራቅሙበትን ቆርቆሮ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ምን ልታደርጊው ነው እያሉ አመጡልኝ።

እነዚህ የኢልያስ ሐሙሶች ናቸው አልኳቸው። ከሥር ወደ ቀኝ ስንሄድ ቀኑ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ስንወጣ ክብደቱ ይጨምራል። ከመጽሐፉ ላይ የማስታውሰውን ያህል ቁልፎቹን በካሬዎቹ ላይ ደረደርኩ። ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ከፍ። ከዚያ አንዱን ትልቅ ነጭ ቁልፍ ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩ። ቀጥሎ የመጨረሻውን ወደ ታች።

"አሁን ነርሷ የምታየው ይህን ነው" አልኳቸው። "ከዚህ ወደዚህ የወረደ። ኢልያስ የከሳ መስሏታል።"

እማማ ተዋበች መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ከዚያ ነጩን ቁልፍ ራሳቸው በጣታቸው ገፍተው ከጠረጴዛው ጫፍ አደረሱትና የቀሩትን ከግራ ወደ ቀኝ ተመለከቱ። አንዱን፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ቀጥሎ ያለውን።

"አልከሳም?" አሉ።

"አልከሳም።"

"ልጁ እያደገ ነው።"

"ትንሽ ትንሽ።"

ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። ደሴ ገበያ ቅቤ ሲነግዱ ባጁበት ዘመን አንድም ቀን በሰው ሚዛን ላይ እጃቸውን ጭነው እንደማያውቁ፣ የሚጭኑትንም ቆመው ይሰድቡ እንደነበር ነገሩኝ። ለገዛ ጥቅሜ ያላደረግሁትን ለልጁ ብዬ አደረግሁት፤ እሱኑ ልጅ ገደል ሰደድሁት አሉ። አለቀሱ ለማለት አልችልም፤ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሐሙስ እናቴ የኢልያስን ጋሪ ይዛ ስትወጣ እማማ ተዋበች ለብሰው ደረጃው ሥር ቆመው አገኘናቸው። እናቴ ዛሬ ባይደክሙ ይሻላል አለቻቸው። የምናገረው አለኝ፣ እዚያው ነው የምናገረው ብለው ተከተሉን።

ጆይስ ኢልያስን ልትመዝን ስትዘጋጅ እማማ ተዋበች እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟት። "ሐያት፣ ሁሉንም ንገሪያት፤ ምንም እንዳታስቀሪ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሚዛኑ ቀረቡና አውራ ጣታቸውን ባዶው ሚዛን ጠርዝ ላይ ጫኑት። ቁጥሩ ወጣ። አነሡት፤ ቁጥሩ ወረደ።

ያን ሐሙስ የጫንሁት እኔ ነኝ፣ እናቱ አታውቅም አሉ። እኔ አስተረጎምኩ። ሁሉንም።

ጆይስ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ጠቆረ። ይኼ ጨዋታ አይደለም አለች፤ ልጁ ሆስፒታል ገብቶ ያለ ምክንያት መርፌ ሊወጋ፣ ደሙ ሊቀዳ ይችል ነበር። ዝግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ያን ጊዜ ግን ምን እንደምታስብ በደንብ ታወቀኝ። ለምን አደረጉት ብላ ጠየቀች።

"በወረቀቱ ላይ እየወረደ ሲሄድ፣ የሚወስዱት መሰለኝ" አሉ እማማ።

አስተረጎምኩ።

"ማን ነው የሚወስደው?" አለች ጆይስ።

እማማ ተዋበች ቀና ብለው አዩዋት። "እናንተ" አሉ።

ይህን እንዴት ብዬ እንደምለው ጨነቀኝ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው እናቴ ነች፣ ኢልያስን እንደታቀፈች፣ በራሷ እንግሊዝኛ የተናገረችው።

"ዩ" አለች ወደ ጆይስ እያየች፤ እናንተ ማለቷ ነው። "እኔም እንደዚያ መስሎኛል።"

ጆይስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጽሐፉን ከፍታ ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ እናቴና እማማ በሚያዩበት በኩል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ያን ከፍ ያለ ነጥብ በእስክሪብቶ ከበበችው። ብዕሯንም በቀሩት ነጥቦች ላይ አጋደመችው። ይህ ልጅ ትንሽ ነው፤ ግን የታችኛውን መስመር ተከትሎ አብሮት እየወጣ ነው፤ አንዳንድ ልጅ የተፈጠረው እንዲህ ነው አለች። መስመሮቹ ልጆች አይደሉም፤ ከብዙ ልጆች የተሠሩ መንገዶች ናቸው። ቤታችን መምጣቱን ተወችው፤ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አልሰረዘችም፤ ሐኪሙም በኋላ አይቶት ያንኑ ነው ያለው። ስንወጣ ለእማማ ተዋበች፣ ቢመጡ ደስ እንደሚላት፣ ነገር ግን ሲመዘን ከመስኮቱ ጋ እንዲቆሙ እንደምትፈልግ እንድነግራቸው ጠየቀችኝ። ስነግራቸው እሺ አሉ።

እናቴ አላናገረቻቸውም። ያን ሁሉ ቀን ወተቷን ስትጠራጠር፣ ባሏን ስትጠራጠር፣ እኔን ስትጠራጠር የከረመች ሴት ናት። ዝናብ ይዘንባል። አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት እሷ፣ ከኋላዋ እኔ፣ ከኔ ኋላ እማማ ቆምን። ሁለት ፌርማታ እንደሄድን አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሊሳፈር መጣ፤ ጋሪው የቆመው ለእንዲህ ያለ ወንበር በተተወ ቦታ ስለነበር ሹፌሩ በማይክሮፎን እንድታጥፈው ነገራት። ጋሪው የሚታጠፈው በሁለት እጅ ነው። እናቴ ኢልያስን ከጋሪው አንሥታ ወደ ኋላ ዞረች። እኔ እጄን ዘረጋሁ። አየችኝ፤ አልሰጠችኝም። ከኔ በላይ አሻግራ ለእማማ ተዋበች ዘረጋችላቸው።

እማማ የያዙትን የአውቶቡሱን ዘንግ ለቀው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። አንገታቸው ሥር አስገብተው አቀፉት፤ ከዚያ ሸክም እንደሚሞክር ሰው ትንሽ ከፍ አደረጉት።

"ከብዷል እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

እናቴ ጋሪውን አጥፋ ቀና አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ዝናቡን ታያለች።

"በራሱ ነው" አለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ በመስታወቱ ላይ ሳያት ግን እየሳቀች ነበር።